ከብረት መደገፊያ እስከ ሦስት ወርቅ፦ የዊልማ ሩዶልፍ የሕይወት ታሪክ

ከአንድ ሠልጣኝ የቀረበ



የሮም ኦሊምፒክ ሲነሣ የኛ ሰው ልብ ቶሎ ብሎ የሚሄደው ወደ አበበ ቢቂላ ነው። ይገባዋልም፤ በባዶ እግሩ ሮጦ የኢትዮጵያን ስም ያስጠራ ጀግና ነውና። ሆኖም በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰሞን አንዲት የ20 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ሦስት የወርቅ ሜዳሊያ በአንገቷ አጥልቃለች። ስሟ ዊልማ ሩዶልፍ ይባላል። ይህች ወጣት በሕፃንነቷ በእግሯ መሄድ አቅቷት በብረት ተደግፋ የኖረች ናት። በዚያ ላይ ደግሞ እንደኛው የአንደኛ ደረጃ መምህርነት ትምህርት የምትከታተል ተማሪ ነበረች፤ ኋላም ሁለተኛ ክፍል አስተምራለች። እንግዲህ የሷን ታሪክ ለጋዜጣችን የመረጥኩት በሜዳሊያው ብዛት ብቻ አለመሆኑን አንባቢ እየቆየ ይረዳዋል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ተለይቶ ካልተነገረ በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

የልጅነት ጊዜዋ

ዊልማ የተወለደችው ጁን 23 ቀን 1940 በአሜሪካ ቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ ክላርክስቪል በምትባል ከተማ አጠገብ ነው። የተወለደችው ያለ ጊዜዋ ሲሆን ክብደቷም 2 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። አባቷ ከሁለት ጋብቻ 22 ልጆች የወለዱ ሰው ናቸው፤ ዊልማ ሃያኛዋ ናት። አባት በባቡር ላይ ሻንጣ ተሸካሚነትና ባገኙት የጉልበት ሥራ ሁሉ ይተዳደሩ ነበር። እናት ደግሞ በነጮች ቤት እየተቀጠሩ ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ያጸዳሉ። ለዚያ ሁሉ አፍ የሚበቃ ገቢ አልነበረም ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ በደቡባዊ አሜሪካ ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ ለየብቻ፣ ምግብ ቤቱ ለየብቻ፤ በአውቶቡስ ላይ ጥቁር የሚቀመጠው ከኋላ ነው። ለጥቁር ሕመምተኛ የሚከፈት የሐኪም ቤት በርም ጥቂት ነበር። ትንሿ ዊልማ ደግሞ በሽታ የሚፈራረቅባት ልጅ ሆነች። የሳንባ ምች በሁለቱም ሳንባዎቿ ያዛት፤ ስካርሌት ፊቨር የሚባል ትኩሳት ተከተለ፤ በመጨረሻም እኛ የልጅነት ልምሻ የምንለው ፖሊዮ መጣና ግራ እግሯን አሰነፈው። እግሯ ወደ ውስጥ ዞረ፣ ጉልበት አጣ። ብዙ ሰዎች ይህች ልጅ ከእንግዲህ እንደ ሰው አትራመድም ብለው ደምድመው ነበር።

እናቷ ግን ይህን አልተቀበሉም። ከቤታቸው 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ናሽቪል ከተማ ውስጥ ሜሃሪ የሚባል የጥቁሮች የሕክምና ኮሌጅ ነበር። እናትየው ልጃቸውን ይዘው በአውቶቡስ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በየሳምንቱ ወደዚያ ይመላለሱ ጀመር። አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ እንዳይመስላችሁ፤ ይህ ምልልስ ሁለት ዓመት ቆየ። ሐኪሞቹ እግሯ በየቀኑ መታሸት እንዳለበት ለእናትየው አሳዩዋቸው። እናትም ያዩትን ለትልልቆቹ ልጆች አስተማሩ። ከዚያ በኋላ የቤቱ ሰው ተራ እየገባ የዊልማን እግር በቀን አራት ጊዜ ያሽ ነበር። አንዱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ሌላዋ ከሥራ ስትመጣ፣ እናት ማታ ደክመው ሲገቡ፣ እግሯ ይታሻል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ አይደል?

ሜሃሪ ለእግሯ የብረት መደገፊያ ሰጣት፤ ጧት ስትነሣ ይታሰራል፣ ማታ ስትተኛ ይፈታል። ልጆች ሲሮጡ ቁጭ ብላ ታያለች። በሕመሟ ምክንያትም ትምህርት ቤት በጊዜው አልገባችም፤ ፊደል የቆጠረችው በቤቷ ነው። ትምህርት ቤት የገባችው በሰባት ዓመቷ፣ በቀጥታ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ከብረቱ ወደ ልዩ ጫማ፣ ከልዩ ጫማው ወደ ተራ ጫማ ተሸጋገረች። 12 ዓመት ሲሞላት ብረቱም ልዩ ጫማውም ከሕይወቷ ወጥተው እንደ ማንኛዋም ልጅ ትሄድ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ክፍል ሲያወራ እንደ ተአምር አድርጎ ነው። እኔ ግን ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ሒሳቡን እንየው እላለሁ። በቀን አራት ጊዜ ማለት በዓመት ከ1,400 ጊዜ በላይ ነው። ይህንን የሠሩት አዋቂ ሐኪሞች ብቻ ሳይሆኑ ከሐኪም አንድ ነገር ተምረው ሳይሰለቹ የደጋገሙት እናትና ወንድምና እኅት ናቸው። ትምህርት የሚባለው ነገርም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

ቅርጫት ኳስና ትንኟ

መሄድ እንደቻለች ዊልማ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ያለፈውን ሁሉ ለማካካስ የፈለገች ይመስል ነበር። ለጥቁር ልጆች በተከፈተው በበርት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እኅቷን ተከትላ የቅርጫት ኳስ ቡድን ገባች። አሠልጣኟ ክሊንተን ግሬይ ይባላሉ። በሜዳው ውስጥ እየተስለከለከች ሰው እግር ሥር ስለማትጠፋ ትንኝ የሚል ቅጽል ስም አወጡላት። በአሥረኛ ክፍል ሳለች በአንድ የውድድር ዓመት 803 ነጥብ አስቆጥራ ለሴቶች ቅርጫት ኳስ አዲስ ክብረ ወሰን አስመዘገበች።

በዚያን ጊዜ አንድ የጨዋታ ዳኛ ልብ ብለው አዩዋት። ዳኛው ኤድ ቴምፕል ነበሩ፤ በናሽቪል ከተማ የሚገኘው የቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች አትሌቲክስ ቡድን አሠልጣኝ። ረጃጅም እግሮቿንና ፍጥነቷን አይተው በክረምት የዕረፍት ጊዜ ዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው ሥልጠና እንድትሳተፍ ጋበዟት።

ስለ ኤድ ቴምፕል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ መምህር ነበሩና። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምሩት ሶሲዮሎጂ ነው። ቡድኑ የረባ በጀት አልነበረውም፤ ለውድድር ሩቅ አገር ሲሄዱ ቴምፕል ራሳቸው መኪና እየነዱ ልጆቹን ያደርሱ ነበር። መንገድ ላይ ጥቁርን የሚያስተናግድ ምግብ ቤት ስለማይገኝ ስንቅ ይዘው ይጓዛሉ። ልጆቹም የትምህርት ወጪያቸውን የሚሸፍኑት ግቢው ውስጥ በየቀኑ ሁለት ሰዓት እየሠሩ ነበር። በዚያ ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው። አንድ ቀን ዊልማ እንቅልፍ ይዟት 30 ደቂቃ አርፍዳ መጣች። ቴምፕል አልጮሁም፣ አልተሳደቡም፤ ለያንዳንዱ ደቂቃ አንድ ዙር፣ ማለትም 30 ዙር ተጨማሪ አስሮጧት። በማግሥቱ ሰዓቱ ከመድረሱ 30 ደቂቃ ቀድማ ሜዳው ላይ ተቀምጣ ተገኘች ይባላል። ከዚህ ሰው እጅ 40 ሴቶች ለኦሊምፒክ በቅተው 23 ሜዳሊያ አምጥተዋል፤ ከዚያ ውስጥ 13ቱ ወርቅ ነው።

የዊልማ የመጀመሪያው ከባድ ውድድር ግን ውጤቱ ሌላ ነበር። አላባማ ውስጥ ተስኪጊ በተባለ ቦታ በተደረገ ውድድር ሮጣ በሁሉም ተሸነፈች። እስከዚያ ቀን ድረስ በተፈጥሮ ፍጥነቷ ብቻ ታሸንፍ የነበረች ልጅ፣ አነሣሥ ምን እንደሆነ፣ ትንፋሽ እንዴት እንደሚያዝ፣ ክንድ እንዴት እንደሚወዛወዝ የተማሩ ልጆች ሲገጥሟት ጊዜ ተፈጥሮ ብቻውን እንደማይበቃ ገባት። በጣም አዘነች። ከዚያ በኋላ ግን ዝናብም ይሁን ፀሐይ ልምምድ የማታቋርጥ ሆነች።

ከሜልቦርን እስከ 1958

በ1956 ዊልማ ገና የ16 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ለሜልቦርን ኦሊምፒክ ተመረጠች። ከአሜሪካ የአትሌቲክስ ቡድን በዕድሜ ትንሿ እሷ ነበረች። በ200 ሜትር ለፍጻሜ ሳታልፍ ቀረች። በ4 ጊዜ 100 ሜትር ዱላ ቅብብል ግን ከሜ ፋግስ፣ ከማርጋሬት ማቲውስና ከኢዛቤል ዳንኤልስ ጋር ሆና አውስትራሊያንና ብሪታንያን ተከትለው ሦስተኛ በመውጣት የነሐስ ሜዳሊያ አገኙ። ሜ ፋግስ በዕድሜም በልምድም ትበልጣት ነበር፤ ዊልማን እንደ ታናሽ እኅቷ ይዛ የውድድር ጠባይ ያስተማረቻት እሷ ናት። ዊልማ ክላርክስቪል ስትመለስ ሜዳሊያውን ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ እጅ ለእጅ አቀባበለችው፤ በሚቀጥለው ኦሊምፒክ ወርቅ ለማምጣትም በልቧ ወሰነች።

ታዲያ መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ አረገዘችና በ1958 ሴት ልጅ ወለደች። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የልጃገረዷ ትምህርት እዚያው ላይ ያበቃ ነበር፤ ወንዱ ሲቀጥል እሷ ቤት ትቀራለች። ቴምፕልም ልጅ ያላትን ሴት በቡድናቸው ያለመቀበል ልማድ ነበራቸው። ለዊልማ ግን ያንን ሕጋቸውን ተዉት። ቤተሰቧም አላሳፈራትም፤ ሕፃኗን ተቀብሎ አሳደገላትና እሷ በዚያው ዓመት ቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባች። የመረጠችው የትምህርት ዓይነት የአንደኛ ደረጃ መምህርነት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ቤተሰቡ ቢያስወጣት፣ አሠልጣኙ ሕግ ሕግ ነው ብለው በሩን ቢዘጉባት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሮም ላይ የታየችው ዊልማ አትኖርም ነበር። ዓለምም የጠፋውን ነገር አያውቀውም፤ ያላየውን ማን ይናፍቃል? እንዲህ ሆነው የቀሩ ስንት ልጆች እንዳሉ እኛ በየመጣንበት አውራጃ የምናውቀው ነው።

ሮም

በጁላይ 1960 ቴክሳስ ውስጥ ኮርፐስ ክሪስቲ በተባለ ከተማ በተደረገ የአሜሪካ ሻምፒዮና ዊልማ 200 ሜትርን በ22.9 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። ከ23 ሰከንድ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በዚህ ሁኔታ ወደ ሮም ሄደች።

ነገር ግን የ100 ሜትር ውድድር ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ሣር ላይ ስትለማመድ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። አበጠ። እሰሩልኝ ብላ፣ አሳርፋው አደረች። በማግሥቱ ሮጠች። በግማሽ ፍጻሜው የዓለምን ክብረ ወሰን ተስተካክላ በ11.3 ሰከንድ ገባች። ሴፕቴምበር 2 ቀን በተደረገው ፍጻሜ ደግሞ ሌሎቹን ሜትሮች ያህል ወደ ኋላ ጥላ በ11.0 ሰከንድ አሸነፈች። የብሪታንያዋ ዶሮቲ ሃይማን ሁለተኛ፣ የኢጣልያዋ ጁሴፒና ሌኦኔ ሦስተኛ ሆኑ። ይህ 11.0 ግን በዓለም ክብረ ወሰንነት አልተመዘገበም። ምክንያቱ ነፋስ ነው። በአጭር ርቀት ሩጫ ከኋላ የሚገፋው ነፋስ በሰከንድ ከ2 ሜትር ከበለጠ ድሉ ይጸድቃል እንጂ ሰዓቱ ክብረ ወሰን አይሆንም። በዚያ ቀን የተለካው 2.75 ሜትር ነበር።

ሴፕቴምበር 5 ቀን 200 ሜትሩ ተሮጠ። በማጣሪያው 23.2 ሰከንድ ሮጣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግባ ነበር። በፍጻሜው ቀን ነፋሱ ዞሮ ከፊት ለፊት ይነፍስ ስለነበር ሰዓቱ 24.0 ሆነ፤ ግን ማንም አልደረሰባትም። ጀርመናዊቷ ዩታ ሃይነ በ24.4 ሁለተኛ ወጣች። ሁለተኛው ወርቅ ተገኘ።

የቀረው ዱላ ቅብብል ነው። አሜሪካን ወክለው የቆሙት አራቱም ልጆች፣ ማርታ ሃድሰን፣ ሉሲንዳ ዊሊያምስ፣ ባርባራ ጆንስና ዊልማ ሩዶልፍ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት፣ ከኤድ ቴምፕል እጅ የወጡ ነበሩ። በማጣሪያው 44.4 ሰከንድ ሮጠው የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ። ዱላ ቅብብል ግን ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ዱላው በተሰመረው የ20 ሜትር ክልል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ማለፍ ነበረበት። በፍጻሜው ላይ ዱላው ለዊልማ ሲቀበል ሳይመች ቀርቶ ሊወድቅ ደረሰ። እሷ እጇን አስተካክላ እስክትይዝ ጀርመኖቹ ቀደሙ። የስታዲዮሙ ሰው ብድግ አለ። ዊልማ ግን ሳትደናገጥ ዱላውን ጨበጠች፣ ሮጠች፣ ደረሰች፣ አለፈች። 44.5 ሰከንድ፤ ጀርመን ሁለተኛ፣ ፖላንድ ሦስተኛ።

በዚህም በአንድ ኦሊምፒክ በሩጫ ሦስት ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆነች። ኢጣልያኖች ጥቁሯ ሚዳቋ አሏት። ፈረንሳዮች ደግሞ ጥቁሯ ዕንቁ አሏት። የሮም ውድድር በቴሌቪዥን ለብዙ አገሮች የታየ ስለነበር መልኳን የማያውቅ ጠፋ።

ዱላ ቅብብሉ በተሮጠ በሁለት ቀኑ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ፣ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በባዶ እግሩ ጨርሶ አንደኛ ወጣ። የሁለቱን ሰዎች ታሪክ ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ዊልማ በልጅነቷ በብረት ተደግፋ ቆይታ ኋላ ሮጠች። አበበ ደግሞ ዓለምን ሮጦ ካሸነፈ በኋላ በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ከዱት፤ ያም ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውድድር ተካፍሏል እንጂ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አንዷ የጀመረችበትን ቦታ ሌላው ጨረሰበት። ሁለቱም ግን አልተሸነፉም።

ወደ አገር ቤት ስትመለስ

ከሮም በኋላ ቡድኑ በአውሮፓ ከተሞች እየዞረ ተወዳድሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። ክላርክስቪልም ለልጇ ታላቅ አቀባበል አዘጋጀች። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። የቴነሲ ገዥ ቡፎርድ ኤሊንግተን ጥቁርና ነጭ ተለያይተው ይኑሩ የሚለው አቋም ደጋፊ ነበሩ፤ አቀባበሉም እንደ ከተማው ልማድ ጥቁሩ ለብቻው፣ ነጩ ለብቻው እንዲሆን ነበር የታሰበው።

ዊልማ ይህን ሰማችና አልገኝም አለች። እስቲ አስቡት፤ የ20 ዓመት ልጅ ናት። ገንዘብ የላትም፣ ሥልጣን የላትም፤ አባት እናቷ የሚኖሩት እዚያችው ከተማ ውስጥ ነው። ዝም ብላ አበባውን ብትቀበል ማን ይፈርድባት ነበር? እሷ ግን ሁሉም ሰው አንድ ላይ ካልሆነ በስተቀር በዓሉ የኔ አይደለም ብላ ጸናች። አዘጋጆቹም ግራ ገባቸው፤ ያለ ዊልማ የዊልማ በዓል አይደረግ! በመጨረሻ ተሸነፉ። ኦክቶበር 4 ቀን 1960 የተደረገው ሰልፍና የራት ግብዣ በከተማይቱ ታሪክ ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ የተገኙበት የመጀመሪያው ሕዝባዊ በዓል ሆነ። በራቱ ላይ 1,100 ያህል ሰዎች ተገኝተው ነበር።

እኔ እንደሚመስለኝ ከአራቱ ድሎቿ ትልቁ ይኸኛው ነው። ሦስቱን ያገኘችው በእግሯ ሲሆን አራተኛውን ያገኘችው አልሄድም በማለቷ ነው።

በ1963ም ይኸው ጠባይዋ አልተለወጠም። በዚያ ዓመት ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተልካ በሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር የተደረገውን የወዳጅነት ውድድር ተመለከተች፤ ጋናን፣ ጊኒን፣ ማሊንና ዛሬ ቡርኪና ፋሶ የምትባለውን ላይኛ ቮልታን ጎበኘች። በሄደችበት ሁሉ በክብር ተቀበሏት። ወደ ክላርክስቪል ስትመለስ ግን አንድ ምግብ ቤት ጥቁር አላስተናግድም አለ። ዊልማም ከሌሎች ጥቁር ነዋሪዎች ጋር ሆና ተቃውሞ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ የከተማው ከንቲባ ምግብ ቤቶችን ጨምሮ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ቦታዎች ለሁሉም እኩል ክፍት እንደሚሆኑ አስታወቁ።

መምህርት ዊልማ

በ1961 ዊልማ ስቱትጋርት ላይ 100 ሜትርን በ11.2 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰኑን ለብቻዋ ያዘች። በዚያው ዓመት ሞስኮ ላይ ከጓደኞቿ ጋር የዱላ ቅብብሉን ክብረ ወሰን ወደ 44.3 ዝቅ አደረጉት። በአሜሪካ ለምርጥ አማተር ስፖርተኛ የሚሰጠውን የሰሊቫን ሽልማትም ተቀበለች። በ1962 በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት መካከል በካሊፎርኒያ በተደረገው ግጥሚያ 100 ሜትሩንና ዱላ ቅብብሉን አሸንፋ ሩጫ አቆመች። ዕድሜዋ ገና 22 ነበር። ሰው ሁሉ እስከ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ቆዪ ቢላትም፣ በሮም ካገኘችው ያነሰ ይዞ መመለስን አልፈለገችምና በድል ላይ እንዳለች መውጣትን መረጠች።

በዚያ ዘመን ሯጭ ገንዘብ አይከፈለውም። አማተር ይባላል፤ ሽልማቱ ሜዳሊያና ጭብጨባ ነው። ሜዳሊያ ደግሞ ገበያ አይወጣም። ዊልማ በ1963 በአንደኛ ደረጃ መምህርነት በዲግሪ ተመረቀችና ወደ ክላርክስቪል ተመለሰች። የተቀጠረችው ራሷ በልጅነቷ ብረቷን አውልቃ በተማረችበት በኮብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለተኛ ክፍል አስተማረች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በበርት ሁለተኛ ደረጃ ሩጫ ታሠለጥን ነበር። የዓለም ፈጣን ሴት ጠመኔ ይዛ ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጆች ንባብ ስታስተምር ይታያችሁ!

ታሪኩን እዚህ ላይ ጨርሼ በደስታ ብለያችሁ ደስ ባለኝ። ነገር ግን እውነቱ ሌላ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ይዛ የመጣችው አዲስ አሠራር ከነባሩ ልማድ ጋር አልተስማማም፤ ብዙም ሳትቆይ ሥራውን ለቀቀች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከከተማ ወደ ከተማ ስትዘዋወር ኖረች። በኢንዲያና የአንድ ማኅበራዊ ማዕከል ኃላፊ ሆነች፤ በሜይን ሥራ ለሌላቸው ወጣቶች በተቋቋመ ማሠልጠኛ ሠራች፤ በ1967 በትልልቅ ከተሞች ለድሃ ልጆች ስፖርት በሚያስተምር ፕሮግራም ተሳተፈች፤ በዲትሮይት በአንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማረች። ስሟ ትልቅ፣ ኪሷ ባዶ የሆነባቸው ዓመታት ነበሩ። ሁለት ጊዜ አግብታ ሁለቱም በፍቺ አለቁ፤ አራት ልጆች አሳድጋለች።

በ1977 የሕይወት ታሪኳን ጽፋ አሳተመች፤ በዚያው ዓመት ታሪኳ በቴሌቪዥን ፊልም ተሠራ። በ1981 ደግሞ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ውስጥ ለድሃ ልጆች ነፃ የስፖርትና የትምህርት ድጋፍ የሚሰጥ በስሟ የተጠራ ድርጅት አቋቋመች። በመምህርነት ክፍል ውስጥ ያልተመቻት ሥራ በዚህ መንገድ ተሳካላት ማለት ይቻላል። ከሷ በኋላ በአንድ ኦሊምፒክ ሦስት ወርቅ ያገኘች አሜሪካዊት ሯጭ እስክትገኝ 24 ዓመት አልፏል፤ እሷም በ1984 በሎስ አንጀለስ ያሸነፈችው ቫለሪ ብሪስኮ ሁክስ ናት።

በ1994 ዊልማ ካንሰር እንደያዛት ታወቀ። በታመመችባቸው ወራት አሮጌው አሠልጣኟ ኤድ ቴምፕል አልተለዩዋትም፤ በቴነሲ ስቴት የሩጫ ሜዳ ላይ አብረው በእግር ይዘዋወሩ ነበር ይባላል። ኖቬምበር 12 ቀን 1994 በ54 ዓመቷ ዐረፈች። የተቀበረችው በክላርክስቪል ነው። ጥቁርና ነጭ ለየብቻ ይቀበላት የነበረችው ያች ከተማ ዛሬ በስሟ የሚጠራ ሰፊ አውራ ጎዳና አላት፤ ሐውልቷም ቆሞላታል። በ2004 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ምስሏ ያለበት ቴምብር አውጥቶላታል።

ለእኛስ?

ጓደኞቼ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እያንዳንዳችን ወደ ተመደብንበት ቦታ እንሄዳለን። ክፍላችን ውስጥ ከ50 ወይም ከ60 ልጆች መካከል አንዲት እያነከሰች የምትመጣ ልጅ አትጠፋም። ከሩቅ ቀበሌ ስለምትመጣ ታረፍዳለች። በሕመም ምክንያት ትምህርት ስለጀመረች ዘግይታለች። ልጆቹ ሲጫወቱ ግድግዳ ተደግፋ ታያለች። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ብዙዎቻችን ያን ልጅ እቃ ጠብቂ እንላታለን፤ በጎ ያደረግንላት ይመስለናል።

ይህች ልጅ ዊልማ ሩዶልፍ ትሆናለች ማለቴ አይደለም። ዓለም ላይ ሦስት ወርቅ የሚያገኝ ስንት ሰው አለ? እኔ የምለው ሌላ ነው። ዊልማን የሠራት አንድ ትልቅ ሰው አይደለም። እናቷ ሳይሰለቹ አውቶቡስ ላይ ወጡ፤ ወንድምና እኅቶቿ እግሯን አሹ፤ ግሬይ ቡድን ውስጥ አስገቧት፤ ሜ ፋግስ እንደ ታናሽ እኅቷ ያዘቻት፤ ቴምፕል ስትዘገይ ቀጧት፣ ስትወድቅ ግን በሩን ከፈቱላት። ከነዚህ ሰዎች አንዱም ዓለምን አላስደነቀም፤ እያንዳንዱ በቀኑ ማድረግ የሚችለውን ትንሽ ነገር ብቻ አደረገ። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ሰንሰለቱ ይበጠስ ነበር። እኛም በዚያች ልጅ ሰንሰለት ውስጥ አንዷ ቀለበት መሆን አያቅተንም።

ሁለተኛው ነገር ክፍል ውስጥ ስንገባ ይዘነው የምንሄደው አዲስ አሠራር ነው። እዚህ ተቋም የተማርነውን ትምህርት መርጃ መሣሪያ፣ የቡድን ሥራ፣ ልጅን ሳይመቱ ማስተማር፣ ከኛ በፊት የነበሩ መምህራን ሁሉ በደስታ ይቀበሉናል ብለን አንጠብቅ። ዊልማ ሦስት ወርቅ ይዛ እንኳ አልተሳካላትም። ሆኖም የለቀቀችው ቦታውን እንጂ ሥራውን አይደለም፤ ልጆችን ማሠልጠን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አልተወችም። እኛም ተስፋ ከመቁረጣችን በፊት ነባሮቹን መምህራን ለመስማት ትዕግሥት ይኑረን፤ እነሱም የሚያውቁት ብዙ ነገር አለ።

መምህሮቻችንም ይህን ጽሑፍ ካነበቡ አንድ ነገር ልለምን። በማስተማር ልምምድ ጊዜ ስትገመግሙን ሰሌዳ አጻጻፋችንንና ድምፃችንን ብቻ ሳይሆን፣ ከኋላ የተቀመጠችውን ያችን ልጅ ስሟን አውቀን እንደሆነ ጠይቁን።